የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት)፦ በምዕራብ ጎጃም ለሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች የአመራረጥና የአጠቃቀም መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ እና በአካባቢው የገጠር ወረዳዎች ተሽከርካሪ ለሚያሽከረክሩ፣ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች እንዲሁም ትራክተርና ሌሎች ባለሞተር መሣሪያዎችን ለሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ነው። ዓላማው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ ለየትኛው ሞተር የትኛው ዓይነት እንደሚስማማ እና በአጠቃቀም ረገድ ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ማስረዳት ነው።

በአጭሩ

• ኩላንት ለቀዝቃዛ አገር ብቻ የሚያስፈልግ ፈሳሽ አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላ፣ በየትኛውም አካባቢ ደግሞ የሞተር የውስጥ ክፍሎች እንዳይዝጉ ይከላከላል።
• ኩላንት የሚመረጠው በቀለሙ ሳይሆን በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ላይ በተገለጸው ደረጃና ዓይነት ነው።
• ያልተበረዘ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ጥቅም ላይ ይውላል።
• የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም።
• ኩላንት መርዝ ነው፤ በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም።

1. ኩላንት ምንድን ነው?

ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ከሚፈጠረው ኃይል ከፍተኛው ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት ከሞተሩ አካል ተቀብሎ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው በውሃ ፓምፕ እየተገፋ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ውሃ፣ ግላይኮል እና ዝገትን የሚከላከሉ ልዩ ልዩ ቅመሞች።

ውሃው ሙቀትን በሚገባ ይሸከማል። ግላይኮል፣ በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል፣ ፈሳሹ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ የሚረጋበትንም ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። ቅመሞቹ ደግሞ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ መዳብንና የጎማ ቱቦዎችን ከጉዳት ይጠብቃሉ። በጊዜ ብዛት የሚያልቁት እነዚህ ቅመሞች ናቸው። ኩላንት መልኩና መጠኑ ሳይለወጥ እንኳ በየጊዜው እንዲቀየር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ከፍታ ለምን ግምት ውስጥ ይገባል?

ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ፍኖተ ሰላም በ94፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቡሬ በ93፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአብዛኞቹ ሞተሮች ቴርሞስታት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይከፈታል፤ ሞተሩም በመደበኛ ሥራ ላይ ከዚያ ከፍ ባለ ሙቀት ይሠራል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ክዳኑ ግፊት በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ተራ ውሃ ሞተሩ ጤናማ በሆነበት ሙቀት እንኳ ሊፈላ ይችላል።

ይህን ለመከላከል ሁለት ነገሮች በአንድነት ያገለግላሉ። የመጀመሪያው የራዲያተር ክዳን ነው። ጤናማ ክዳን በአብዛኛው ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ተጨማሪ ግፊት በመያዝ የመፍላት ሙቀትን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ኩላንት ሲሆን፣ እኩል በእኩል የተቀላቀለ ፈሳሽ በግፊት ከሚገኘው ጭማሪ በላይ ሌላ 7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የላላ ክዳን ወይም የተሰነጠቀ የክዳን ጎማ ግፊቱን ስለሚያስወጣ፣ ጥሩ ኩላንት የተሞላ ተሽከርካሪም ሊፈላ ይችላል። ክዳኑ በዋጋው ትንሽ ቢሆንም በሥራው ትልቅ ነው።

የዚህ ጉዳይ ክብደት ይበልጥ የሚታየው በዓባይ በረሃ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት ተሽከርካሪ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ማዳበሪያ ጭኖ የሚመለሰውም በተቃራኒው አቅጣጫ ይህንኑ ዳገት ይወጣል። በሸለቆው ውስጥ አየሩ ሞቃት ነው፤ ተሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ በዝግታ ስለሚጓዝ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ አነስተኛ ነው፤ ሞተሩ ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም የዓባይን ሸለቆ ስለሚያቋርጥ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በከተማ ውስጥ ያልታየ የኩላንት ጉድለት በእነዚህ ዳገቶች ላይ ይገለጣል።

3. ተራ ውሃ የሚያስከትለው ጉዳት

የወንዝ፣ የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ የተሟሟ ማዕድናትን ይይዛል። ውሃው ሲሞቅ ማዕድናቱ በሞተሩ የውሃ መተላለፊያዎችና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ እንደ ድስት ቅርፊት ይጋገራሉ። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳይተላለፍ ስለሚያግድ ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይሞቃል። ጸረ ዝገት ቅመም የሌለው ውሃ በተጨማሪ ብረቱን ያዝጋል፤ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ይበላል፤ አሉሚኒየም የሆነውን የሞተር ራስ (ቴስታታ) ይቦረቡራል።

ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሞተሩ ራስ ይጣመማል፤ በተለምዶ ጓርኒሲዮን የሚባለው ማሸጊያም ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ሞተሩን ፈቶ ማደስ ግድ ይሆናል። ቤተሰብ በብድር ገዝቶ ለሚተዳደርበት ሚኒባስ ወይም የጭነት ተሽከርካሪ ይህ ማለት የጥገና ወጪ ብቻ ሳይሆን ገቢ የሌለባቸው ሳምንታት ጭምር ነው።

በጉዞ ላይ ፈሳሽ ጎድሎ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ መጨመር ይቻላል። ሆኖም ይህ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። መዳረሻ ላይ ሲደርሱ የፈሰሰበት ቦታ ሊጠገንና የፈሳሹ ድብልቅ ሊስተካከል ይገባል።

4. የኩላንት ዓይነቶች

ኩላንቶች በዋናነት የሚለያዩት በያዙት የጸረ ዝገት ቅመም ነው።

• ነባር ዓይነት (ኢንኦርጋኒክ)፦ ሲሊኬትና ፎስፌት የመሳሰሉ ቅመሞችን ይይዛል። ለቆዩ ተሽከርካሪዎች የሚስማማ ሲሆን፣ ቅመሞቹ ቶሎ ስለሚያልቁ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል።
• ኦርጋኒክ አሲድ ዓይነት፦ ቅመሞቹ ቀስ ብለው ስለሚያልቁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል።
• ድብልቅ ዓይነት (ሃይብሪድ)፦ የሁለቱን ቅመሞች አጣምሮ ይይዛል። የጃፓን አምራቾች በአብዛኛው ሲሊኬት የሌለውና ፎስፌት ያለበትን፣ በርካታ የአውሮፓ አምራቾች ደግሞ ሲሊኬት ያለበትን ይመርጣሉ።
• የከባድ ናፍጣ ሞተር ዓይነት፦ ፈሳሹ ካሚቻውን (የሲሊንደሩን እጅጌ) በቀጥታ በሚነካባቸው ሞተሮች ውስጥ ካሚቻው ሲንቀጠቀጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱም ብረቱን ከውጭ በኩል ይበሳሉ። የከባድ ተሽከርካሪ ኩላንት ይህን የሚከላከል ተጨማሪ ቅመም አለው።

5. በቀለም አይምረጡ

አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ መልክ የሚገኘው ከተጨመረ ማቅለሚያ ነው። የኩላንት ቀለምን የሚወስን ዓለም አቀፍ ደረጃ የለም። አንዱ አምራች ለነባሩ ዓይነት የተጠቀመበትን አረንጓዴ ቀለም ሌላው ለኦርጋኒኩ ዓይነት ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ «ቀዩ ይሻላል» ወይም «አረንጓዴው ለሁሉም ይሆናል» የሚለው አባባል ለግዢ መሠረት ሊሆን አይገባም።

የተለያየ ቅመም ያላቸውን ኩላንቶች መቀላቀል የቅመሞቹን ኃይል ያዳክማል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ዝቃጭ ያለ ነገር ፈጥሮ ራዲያተሩን ይደፍናል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ ካልታወቀ፣ ለምሳሌ ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዙ፣ የነበረውን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ በንጹሕ ውሃ ማጠብና በአዲስ መሙላት ተመራጭ ነው።

6. ለየትኛው ሞተር የትኛው?

ሀ) አውቶሞቢልና ሚኒባስ፦ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። መጽሐፉ ከሌለ ለቀላል ተሽከርካሪዎች የወጣውን የኤኤስቲኤም ዲ3306 ደረጃ ወይም፣ ለጃፓን ሠራሽ ተሽከርካሪዎች፣ የጂስ ኬ2234 ደረጃ የሚያሟላ መሆኑ በዕቃው ላይ የተገለጸ ኩላንት ይፈልጉ፤ ዓይነቱንም ሙያተኛ ያማክሩ።

ለ) የጭነት ተሽከርካሪ፣ አውቶቡስ፣ ትራክተርና ኮምባይነር፦ ለከባድ ሞተሮች የወጣውን የኤኤስቲኤም ዲ6210 ደረጃ የሚያሟላ ኩላንት ይፈልጉ። ለአውቶሞቢል ብቻ የተዘጋጀ ኩላንት ካሚቻውን ላይጠብቅ ይችላል።

ሐ) የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው ባትሪያቸውንና ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነው። ለአንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ዝቅተኛ የሆነ ልዩ ኩላንት ስለሚታዘዝ፣ አምራቹ ካዘዘው ውጪ ሌላ ኩላንት ወይም ተራ ውሃ አይጨምሩ።

መ) ኩላንት የማያስፈልጋቸው ሞተሮች፦ አብዛኞቹ ባለሦስት እግር ባጃጆች፣ ሞተር ብስክሌቶችና አነስተኛ የቤንዚን የመስኖ ፓምፖች በአየር ይቀዘቅዛሉ። በገጠር ወፍጮ ቤቶች የሚገኙ፣ ክፍት የውሃ ገንዳ ያላቸው ባለአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ውሃው እየተነነ እንዲያቀዘቅዝ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ንጹሕ ውሃ እንጂ ኩላንት አይጨመርም።

7. አቀላቀልና አሞላል

ኩላንት በሁለት መልክ ይሸጣል፦ ተበርዞ የተዘጋጀ እና ያልተበረዘ። የተበረዘው እንዳለ ይሞላል፤ ውሃ አይጨመርበትም። ያልተበረዘው ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ያልተበረዘ ኩላንትን ብቻውን መሙላት «ይበልጥ ያጠነክራል» ተብሎ ቢታሰብም፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከድብልቁ ያነሰ ስለሆነ ሞተሩን ይጎዳል። እኩል በእኩል የሆነው ድብልቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለማይረጋ ለደጋው ውርጭም ከበቂ በላይ ነው።

የተጣራ ውሃ በአካባቢያችን «የባትሪ ውሃ» በሚል ስም ይሸጣል። የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስና በአንድ መደብር ሊሸጥ ስለሚችል፣ የገዙት የተጣራ ውሃ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጨምሩ።

አሮጌው ፈሳሽ ሲወጣና ሞተሩ ሲታጠብ የተወሰነ ውሃ በሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ድብልቁ እንዳይቀጥን በመጀመሪያ የጠቅላላ መጠኑን ግማሽ ያህል ያልተበረዘ ኩላንት ይጨምሩ፤ ቀሪውን በተጣራ ውሃ ይሙሉ። ለምሳሌ ጠቅላላ መጠኑ 8 ሊትር ከሆነ በቅድሚያ 4 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ይገባል። ከዚያም ሞተሩን አስነስተው አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ በውስጡ የቀረ አየር ሞተሩን ያሞቃል።

8. ሲገዙ ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፤ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገር፣ ደረጃው፣ የአገልግሎት ጊዜው እና የተበረዘ ወይም ያልተበረዘ መሆኑ በግልጽ መጻፉን ይመልከቱ።
• በጅምላ ዕቃ ተቀምጦ በሊትር እየተቀዳ የሚሸጥ፣ መግለጫ የሌለው ባለቀለም ፈሳሽ አይግዙ።
• ከተጠራጠሩ ይመዝኑ። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በኤቲሊን ግላይኮል እኩል በእኩል የተበረዘ አንድ ሊትር ኩላንት 1 ኪሎ ግራም ከ70 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከውሃ ምንም የማይበልጥ ከሆነ ቀለም የተነከረ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ብለው ፈጽሞ አይቅመሱ።
• ደረሰኝ ይቀበሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገጠመዎት ደረሰኙንና ዕቃውን ይዘው ሳይዘገዩ በመጀመሪያ ለሻጩ፣ መፍትሔ ካላገኙም ለከተማው ወይም ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያቅርቡ።

9. መደበኛ ፍተሻ

ማለዳ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በመጠባበቂያ ታንኩ ላይ ያለው ፈሳሽ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል መሆኑን ይመልከቱ። ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረድዎ በፊት ከዚህ በተጨማሪ የራዲያተሩን ክዳን ጎማ፣ ቱቦዎችንና ማሰሪያዎቻቸውን፣ የፓምፑን ቺንጋ እና የማራገቢያውን ሥራ ያረጋግጡ። በራዲያተሩ ፊት ላይ የተጋገረ ጭቃ፣ ገለባና ነፍሳት ካሉ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ያጽዱ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ወደ ጋራዥ ይሂዱ፦ ፈሳሹ ደጋግሞ መጉደል፤ ዝገት የመሰለ ወይም የደፈረሰ መልክ፤ በቱቦ መገጣጠሚያዎች ላይ የደረቀ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት፤ ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ የሞተር ዘይት፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ። ዝግ የሆነ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ያለ ምክንያት ፈሳሽ አይጎድለውም። መንስኤውን ሳይፈልጉ በየቀኑ መጨመር ጉዳቱን ማዘግየት እንጂ መፍትሔ አይደለም።

10. ሞተር በመንገድ ላይ ሲሞቅ

1ኛ. የሙቀት ጠቋሚው ከመደበኛው ቦታ ሲወጣ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ይህ የተወሰነ ሙቀት ከሞተሩ ያወጣል።

2ኛ. ጠቋሚው ካልወረደ በአቅራቢያዎ በሚገኝ አስተማማኝ ቦታ ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ያርቁ፤ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ያስቀምጡ።

3ኛ. ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከባድ ሞተር ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ክዳኑ በሙቀቱ ጊዜ ቢከፈት በግፊት ታፍኖ የነበረው ፈሳሽ በቅጽበት ፈልቶ ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል።

4ኛ. የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ በቀስ ይክፈቱ። በሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ የሞተሩ ራስ ሊሰነጠቅ ይችላል።

5ኛ. ለጎማ መደገፊያ የተጠቀሙበትን ድንጋይ ከመነሳትዎ በፊት ከአስፋልቱ ላይ ያንሱ። በመንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣ ሌላ አሽከርካሪ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

11. የመመረዝ አደጋ

ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ቀለሙም ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሕፃናትና እንስሳት ሊጠጡት ይችላሉ። ጥቂት ጉንጭ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በመጀመሪያ ሰካራም የመምሰልና የማስመለስ ምልክት ይታያል፤ ቀጥሎ ልብንና ሳንባን ይጎዳል፤ በመጨረሻም ኩላሊትን ከሥራ ያስወጣል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ቀለል ብለው መታየታቸው ሊያዘናጋ አይገባም።

ኩላንት የጠጣ ሰው ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። የፍኖተ ሰላም አካባቢ ነዋሪዎች ወደ ፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሌሎችም በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የኩላንቱን ዕቃ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። በቤት ውስጥ ለማስመለስ አይሞክሩ።

የተረፈ ኩላንት በራሱ ዕቃ ተከድኖ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። የኩላንት ባዶ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት መያዣ አይሁን።

12. ያገለገለ ኩላንት አወጋገድ

ከሞተር የወጣ ኩላንት መርዛማነቱ አይቀንስም፤ ከሞተሩ ያነሳቸው ብረቶችም ይጨመሩበታል። በጋራዥ ግቢ፣ በመንገድ ዳር ቦይ ወይም በእርሻ ላይ አይፍሰስ። እንደ ብርና ፈጣም ባሉ የአካባቢው ወንዞች ሰው ይገለገላል፤ ከብትም ይጠጣል። ጋራዦች ያገለገለውን ፈሳሽ ከዘይት ለይተው በተከደነና ምልክት በተደረገበት ዕቃ ሊያጠራቅሙ ይገባል። ስለ አወጋገዱ የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ያማክሩ። በቤቱ ኩላንት የሚቀይር ባለንብረትም የወጣውን ፈሳሽ በዕቃ ተቀብሎ ወደ ጋራዥ እንዲያደርስ ይመከራል።

ማሳሰቢያ

ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን፣ ከተሽከርካሪው የመመሪያ መጽሐፍ ጋር ልዩነት ያለው መስሎ ከታየ የአምራቹ መመሪያ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ባለንብረቶች ኩላንት የተቀየረበትን ቀን፣ ዓይነቱንና በወቅቱ የተመዘገበውን ኪሎ ሜትር ጽፈው በተሽከርካሪው ውስጥ ቢያስቀምጡ፣ አሽከርካሪ ቢቀየር ወይም ተሽከርካሪው ቢሸጥ ቀጣዩ ተረካቢ በግምት ከመሙላት ይድናል።